ወደ ውጭ የታጠፈው ቅጠል

የምነግራችሁ ሁሉ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሩዝ በጉሮሮዬ አይውረድ።

በኦማኗ ኒዝዋ ከተማ ውስጥ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ የኩንጁሞን የህንድ ምግብ ቤት አለ። አርብ አርብ የሚሰለፈው ተማሪ ጭራው ተራራው ሥር ይደርሳል፤ የመረቁ ሽታ ወደ ሙስካት የሚበር መኪና አስቁሞ ይመልሳል። እና አንድ አርብ፣ ያ ሁሉ ሰው እየጎረሰ ሳለ፣ የኬሚስትሪው መምህር ዶክተር ሱኩማራን ጥግ ካለው ጠረጴዛ ግድግዳውን እንደተደገፉ ሞተው ተገኙ። ምግብ የሚቀርብበት የሙዝ ቅጠል ፊታቸው ታጥፎ፣ አጠገቡም ባዶ የአሬራ ኩባያ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ሙሐና ሲጠራ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ምሳውንም አልቀመሰም። ይህ ሰው ከዝንብ ክንፍ ላይ አሻራ የሚያነብ ነው፤ ኦማን ውስጥ ስሙን ሰምቶ ያልተናዘዘ ሌባ የለም። ሲደርስ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ማሸጊያ ሰሙን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሰውየውን የገደላቸው ምግቡ ከሆነ ቤቱ ዛሬውኑ ይታሸጋል፤ ኩንጁሞንም የመኖሪያ ፈቃዱን ተነጥቆ ወደ ህንድ፣ ወደ ትውልድ አገሩ ኬረላ ይሸኛል። ፀጉሩን ያሸበተበት ቤት በአንዲት ጠብታ ሰም ሊያበቃ ነው።

ሙሐና የላቦራቶሪ ሰዎች ከሙስካት እስኪመጡ ጠረጴዛው እንዳይነካ፣ ቅጠሉም እንዳይገለጥ አዘዘ። እነሱ ደግሞ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽታ ቆመዋል።

ኩንጁሞንን ምን አየህ ቢለው ስለ ኮኮናት ጥራት አወራለት። ማን ከማን ጋር ተቀመጠ ቢለው ምስሩ እንዴት እንደሚፈጭ አስረዳው። የሙሐና ሆድ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ የጠየቅኩህ ስለ ሟቹ ነው።»

«እኔስ ስለ ማን ነው የማወራው ጌታዬ? ቅጠሉን እየው እስቲ። እኛ ጠግበን ስናበቃ ቅጠሉን ወደ ራሳችን ነው የምናጥፈው። አስተናጋጁም ያንን አይቶ መጨመሩን ያቆማል። ወደ ውጭ የሚታጠፈው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ምን በድዬው ነው በሰው ፊት እንዲህ ያዋረደኝ?»

«ሞቷል እኮ ሰውዬው።»

«ከመሞቱ በፊት አስተካክሎ ማጠፍ ይችል ነበር።»

ሙሐና ቅጠሉን እንደገና አየው። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ በሟቹ በኩል ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ በፊት ለፊቱ ቆመ። ከሟቹ ጋር አብረው የበሉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የተቀመጡት ፊት ለፊታቸው ነው። አንዱ ዶክተር ቫርጊስ፣ እንደ ሟቹና እንደ ኩንጁሞን የኬረላ ሰው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱን ከሟቹ ጋር ሲሻሙ የከረሙ። ሁለተኛው ያዕሩብ፣ መምህሩን በመኪናው ያመጣ የኒዝዋ ልጅ።

ቫርጊስ አንድ ጥያቄ በተጠየቁ ቁጥር የክፍል ትምህርት ያህል ተናገሩ፤ ፍሬው ሲታይ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ሰውየውን ሞተው እንዳገኟቸው ብቻ ነበር። ሙሐና ስለ ኃላፊነቱ ጠብ ሲያነሳ፣ ጠብ ሳይሆን የሐሳብ ልዩነት ነው ብለው እንደገና ጀመሩ። ያዕሩብን ጠርቶ የቅጠል አስተጣጠፍ ወግ ታውቃለህ ወይ አለው። አላውቅም አለ ልጁ። በቃ፣ ተቀመጥ ተባለ።

ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው፤ ከውጭም የተሰለፈው ተማሪ መስኮቱን ሊሰብር ደረሰ።

«ቅጠሉ ከሟቹ ወደ ውጭ ታጥፏል» አለ ሙሐና። «ፊት ለፊት ለተቀመጠ ግን ወደ ራሱ ነው። ስለዚህ ያጠፈው ሟቹ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ወጉን አያውቅም። እጁ ከልጅነቱ የለመደው ዶክተር ቫርጊስ ነው። አሬራው ውስጥ መርዝ ጨመረ፤ ኩባያው ይኸው፣ ባዶ ነው። ከዚያ አስተናጋጁ ሩዝ ልጨምር ብሎ ተጠግቶ ሞቱን እንዳያይ ቅጠሉን አጠፈው።»

ቫርጊስ «ይኸማ የሐሳብ ልዩነት አይደለም!» ብለው ጮኹ። ኩንጁሞን ተነፈሰ፤ ትንፋሹ መጋረጃውን አወዛወዘው። «ተመስገን፣ ወጤ አይደለማ» አለ።

ሹሙ ግን ሰሙን ማቅለጥ ጀመረ። «ማንም ይጨምረው፣ መርዝ የተገኘበት ቤት ይታሸጋል።»

«እንዴት ያለ ሰው ነህ?» አለ ሙሐና። «ገዳዩን እጅህ ላይ አስቀመጥኩልህ እኮ።»

«ገዳዩ ያንተ፣ በሩ የኔ።»

ኩንጁሞን በሩን በጀርባው ደገፈና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ጊዜ ያዕሩብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ቅጠሉን ያጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«ወጉን አላውቅም አላልክም?»

«አላውቅም። ሌሎቹ ሲያጥፉት ግን አስተናጋጁ እንደሚተዋቸው አይቻለሁ። መምህሬ መኪና ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ነበር፤ ቃር ነው አሉኝ። ዶክተር ቫርጊስ ሊታጠቡ ሲነሱ፣ መምህሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስተናጋጁ ዝም ብሎ ሩዝ ይቆልላል። እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ ቅጠሉን ወደኔ ሳብኩት። የተኙ ነበር የመሰለኝ።»

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።» ልጁ ወደ ባዶው ኩባያ ተመለከተ። «አሬራውንም የጠጣሁት እኔ ነኝ። መምህሬ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሱም።»