ሙሉ የተባለው ቆጠራ

«ይቺ ልጅ በትክክል ቆጥራለች ወይስ አልቆጠረችም?»

እማማ ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ይዘውት ዞሩ፤ መልስ ግን አጡለት። ልጅቷን ለመጠየቅ ፈሩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሾርባ ሲሰጧት ትጠጣለች፤ ካልሰጧት አትጠይቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጅቷ በምትሠራበት የኮሌጅ ቤተ ሙከራ የአሲድ ጠርሙስ ተሰብሮ መርዘኛ ጭስ ተነሣ። ደወል ጮኸ፤ ሰዉ ወደ ሜዳው ወጣ። የወጣውን ሰው ቆጣሪዋ እሷ ነበረችና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ «ሙሉ ነው፣ አሥራ ሁለታችንም ወጥተናል» አለቻቸው። ጭሱ እስኪጠራ ከአንድ ሰዓት በላይ ማንም አልገባም። ሲገቡ የዕቃ ቤት ሠራተኛው ከወንበራቸው ሥር ወድቀው፣ ሞተው ተገኙ። አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ በተጠሩ ቁጥር «ደርሻለሁ» የሚሉ ሰው ስለነበሩ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ደርሻለሁ» ይላቸው ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ጫማዋን በር ላይ ደጋግማ የምትጠርግ ሴት ናት። ልጅቷ ከቤት አልወጣም ስላለች የቤተ ሙከራውን ኃላፊና የጽዳት ሠራተኛዋንም ወደዚያው አስጠራቻቸው። ኃላፊው የእማማ የራሳቸው ልጅ፣ የልጅቷ አጎት ነው። እማማ እሱ ሲገባ ልባቸው ትንሽ ተመለሰ፤ የተማረ ነው፣ ይናገርላታል ብለው።

መርማሪዋ ቆጠራው እንዴት እንደሚካሄድ ጠየቀች። ኃላፊው ረጋ ብሎ አስረዳት። እያንዳንዱ ሰው ቁጥሩ የተጻፈበት ቆርቆሮ አለው፤ ሲገባ በፊት ለፊቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅለዋል። ደወል ሲጮህ አንሥቶ ይወጣና ሜዳው ላይ ለቆጣሪዋ ይሰጣል። ቆርቆሮው ከወጣ ሰውየው ወጥቷል ማለት ነው።

«የሟቹ ቆርቆሮ እንዴት ወጣ?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ፣ የእህቱን ልጅ ሳያይ።

እማማ አላስቻላቸውም። ልጅቷ እንቅልፍ እንዳላየች፣ ቀስ ተብላ እንድትጠየቅ ለመኑ። መርማሪዋ ወደ እሳቸው ዞራ «እማማ፣ ጋዋኗን አጥበውታል?» አለች።

«መቼ አውልቃው፣ ልጄ።»

«እንኳን አላጠቡት።»

ከጋዋኑ ኪስ አንድ ሽቦ ወጣ፤ አሥራ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተሰጡበት ተራ ተሰክተውበታል። የሟቹ ሰባተኛ ነው። ከፊቱ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከኋላው የኃላፊው አለ። ሁለት የያዘ ሰው ሁለቱንም አከታትሎ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ የሟቹን ያመጣው ከሁለቱ አንዱ መሆን አለበት አለች መርማሪዋ።

«እኔ ሰሌዳው ጋ መቼ ደርሼ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «በኋላ በር ነው የወጣሁት። ቆርቆሮዬ ሁልጊዜ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ መስቀያው ለእኔ ቁመት አልተሠራ። ኃላፊው ስንቴ ተቆጥተውኛል፣ ይመስክሩ።»

መርማሪዋ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አሳየች። የሌሎቹን ቀዳዳ ሚስማሩ በልቶታል፤ የእሷ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። የበሩ ዘበኛም በኋላ በር ስትወጣ አይቷታል።

«ግን የሰው ቆርቆሮ ለምን ይወጣል?» አለች መርማሪዋ።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ድምጿ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነበር።

«በአደጋ ልምምድ ቀን ጋሽ ደርሻለሁ አይወጡም። ሁላችንም ወጥተን ለመቆጠር ከሦስት ደቂቃ ማለፍ የለብንም፤ እሳቸው ካሉ አምስት ይሆናል። አንዳችን ቆርቆሯቸውን እናወጣላቸዋለን። ቆርቆሮው ሲነሣ በመስኮታቸው ያዩና፣ ልምምድ ነው ብለው በራቸውን ዘግተው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር።»

«ማክሰኞም ሻዩ አጠገባቸው ነበር» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እጅዎ በልማድ አንሥቶት ይሆናል። ልምምድ ሲሆን ግን ደቂቃ መቁጠሪያው አንገትዎ ላይ ይንጠለጠላል። ማክሰኞ መሳቢያዎ ውስጥ ነበር። ልምምዱን የሚያዙት እርስዎ ነዎት፤ ያን ቀን አላዘዙም። ሜዳው ላይ ቆመው አደጋው እውነተኛ እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ደግሞ ያለ ባለቤቱ እንደወጣ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጭንብል ነበራቸው። አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይገቡ ነበር። ግን ያን ሳምንት ተቆጣጣሪዎች ኮሌጁ ውስጥ ነበሩ፤ ቃሉ የሁለት ዓመቱን የልምምድ ውሸት ይዞ ሊወጣ ነበር።»

«በራሳቸው ይወጣሉ ብዬ ነበር» አለ ኃላፊው።

«ስንት ደቂቃ ጠበቁ?»

ኃላፊው ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ፣ አሁንም ግድግዳውን እያየች፣ «ዞሬ ‹ሙሉ ነው አይደል?› ስልህ ራስህን በአዎንታ ነቀነቅህልኝ።»

እማማ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ልጅቷ ነጻ ወጥታለች። ግን ደረታቸው ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ልጃቸው ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ መርማሪዋም ተነሣች።

«ንፋስ አለ፣ ኮትህን ቆልፈው» አሉት እማማ።

አልቆለፈውም። ማንንም ሳያይ ከመርማሪዋ ፊት ፊት ሄዶ ከቤት ወጣ።