በመሰላሉ ሥር የወደቀው ሠዓሊ

ሠዓሊ ፋንግ ዢያንሊን በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የቀርከሃ መሰላል አጠገቡ ወድቋል፤ ቀኝ እጁ ውስጥ ጥቁር ቀለም የጠጣ ብሩሽ አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ የተራራ ሥዕል አናቱ ላይ ያልደረቀ መስመር ይታያል።

«ሲሥል ወደቀ፤ በቃ!» አለ የመንደሩ ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ሚያዎ ዪ መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ሌሎች ብሩሾች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ጸጉራቸው እንደ እንጨት ደርቋል፤ አቧራ ለብሰዋል። ከክፍሉ ወጣች። ከሟቹ መኝታ አንስቶ የግቢውን ግድግዳ ተከትሎ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሲባጎ ተወጥሯል። ሲባጎው በእጅ ብዛት ወዝቷል።

ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ የሟቹ ሚስት ሱዩን፣ ተማሪው ኒንግ፣ እና ሥዕሎቹን የሚሸጥለት፣ ማታውን ከሻንጋይ የመጣው ቱ ጉዋንግዠ።

«መምህርህ ሰሞኑን ምን ይሥሉ ነበር?» ስትል ኒንግን ጠየቀችው።

ኒንግ ሱዩንን አየና አቀረቀረ። «እኔ... እሳቸውን ይጠይቁ፣ እማማን።»

ሱዩን ፊቷን አዞረች።

ቱ ግን አፉ አልተያዘም። «ኧረ ፋንግ መቼ አርፎ ያውቃል! ማታ እራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያሾፍብኝ ነበር። ዓይኑ እኮ ጭልፊት ነው!»

«ያ ሲባጎስ ምንድን ነው?»

«ልብስ ማስጫ ነዋ!»

ሚያዎ ሦስቱንም ሬሳው ወደነበረበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ ሱዩን፣ ከእንግዲህ መደበቁ ለማን ይጠቅማል?»

ሴትዮዋ እንባዋ ቀደማት። «ዓይኑ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው እንዳንናገር ሁለታችንንም አስምሎናል።»

ቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዓይነ ስውር መሰላል ላይ ወጥቶ ተራራ አይሥልም» አለች ሚያዎ። «ብሩሹን እጁ ላይ ያስያዘው፣ መስመሩንም ያሰመረው ሌላ ሰው ነው። መታወሩን የሚያውቅ ሰው አደጋ ለማስመሰል ቢፈልግ፣ ደረጃ ሥር ጥሎት ‹ሳያይ ወደቀ› ማለት ይበቃው ነበር። ይህን ሁሉ የደከመው መታወሩን የማያውቅ ሰው ነው። ከሦስታችሁ የማያውቀው አንድ ነው፤ ሲባጎውን ልብስ ማስጫ ያለው።»

ቱ የወደቀውን መሰላል ሲያይ ቆይቶ ተናገረ።

«ኤግዚቢሽኑን ላገር ምድሩ አውጄ ‹ከእንግዲህ አልሥልልህም› አለኝ። ሃያ ዓመት ጓደኛው ሆኜ! የናቀኝ መስሎኝ ገፈተርኩት፤ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጨ... ምናለ ‹አላይም› ቢለኝ? አንዲት ቃል እኮ ናት!»

ሱዩን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ያስማለን ወሬው ላንተ እንዳይደርስ ነው እንጂ ሌላው ሰው ሁሉ ቢያውቅ ግድ አልነበረውም» አለችው። «ያፈረው አንተን ነው።»