ሰማያዊዋ አያት

በዚያ ክረምት ፋብሪካው ተዘጋ። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ፤ ቀጥሎ ደመወዝ ዘገየ፤ በመጨረሻ በሩ ላይ ሰንሰለት ገባ። ከመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ሰባቱ ባዷቸውን ቀሩ። ፌንጣም ከነቤተሰቧ ሄደች። ስሟ ሌላ ነው፤ ዝላይዋን ያየ ሁሉ ግን ፌንጣ ይላታል።

በሚሄዱበት ጠዋት አንዲት የጎረቤት ልጅ የፎቶ አንሺ አጎቷን ካሜራ ተውሳ የጓደኛዋን የፌንጣን አያት ግቢ ውስጥ አነሳቻቸው። ያለ ማንም እርዳታ እችላለሁ ብላ ጉራዋን ነዝታ ነበር። ዕቃቸውን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ ብታየው አሮጊቷ ከፊታቸው እስከ ሹራባቸው ሰማያዊ ሆነዋል። አፈረች። ፌንጣ ደውላ ፎቶውን ስትጠይቃት የካሜራው ካርድ ጠፋ አለቻት። በዓመቱ አያት ሞቱ። ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። ፌንጣም መደወል ተወች።

ልጅቱ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሁንም በዚያ ባዶ የፌንጣ ቤት በኩል ትዞራለች። መንገዱ ይረዝምባታል፤ ቢሆንም ትዞራለች።

ከሄዱ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ አጎቷ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አሮጌ ካርዶችን ሊያጠፋ ሲሰበስብ ልጅቱ አንዱን አልሰጥም አለች። ለምን ቢላት አሳየችው። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ሳቀ።

«ዋይት ባላንሱን፣ የብርሃን ቀለም ማስተካከያውን፣ አምፖል ላይ ትተሽ ውጭ አነሳሽ። የአምፖል ብርሃን ቢጫ ነው ብሎ ካሜራው ሰማያዊ ጨመረበት።»

«ተበላሸ አይደል?»

«ይሄ ጥሬ ፋይል ነው። ብርሃኑን እንደገባ ይዞታል። አምፖል የሚለው ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ይቀየራል።»

ስክሪኑ ላይ ያለውን የቀለም መጎተቻ ወደ ቀኝ ሳበው። ሰማያዊው ለቀቀ። አሮጊቷ ጠይም ሆነው ብቅ አሉ። ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበሩ።

አጎቷ ግን አልጨረሰም። ትንሽ ሲመልሰው ሹራቡ ነጭ፣ ትንሽ ሲገፋው ቢጫ ይሆናል፤ ፊታቸውም አብሮ ይለዋወጣል። ቀለሙ የቱ ነበር አላት። አታስታውስም። በግምት እንዲጨርሰው ለመነችው።

«የሰው አያት በግምት አይቀባም» አላት። «የሚያውቅ ጠይቂ።»

የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። መጠየቅ ደግሞ ውሸቱን ማውጣት ነው። የፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ለፌንጣ ጻፈች፤ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች።

«ካርዱ አልጠፋም። ዋሽቼሽ ነው። የእማማ ሹራብ ቀለሙ ምን ነበር?»

መልሱ እስኪመጣ ሦስት ደንበኞች ጉርድ ፎቶ ተነስተው ወጡ።

«ውሸታም። የሽንብራ ዱቄት ነው የሚመስለው። ክሩን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ገብታ መጎተቻውን ራሷ ያዘች። ቀስ አድርጋ ገፋችው፤ ሹራቡ የሽንብራ ዱቄት ሲመስል ለቀቀችው። ከዚያ ፎቶውን ለፌንጣ ላከች፤ መልሷን እየጠበቀች ግን ስልኳን ከእጇ አላስቀመጠችም።