ሃምሳ አለቃ ክንዴ ከፈረስ ሲወርዱ

«ፈረስ የሚጋልብ ሰው ደግሞ ምን እግር ያስፈልገዋል?» አለ ጸሐፊው በቢሮው መስኮት አንገቱን አውጥቶ። «ለማንኛውም ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። ነገ ይምጡ።»

ውዴ የፈረሱን ልጓም እንደያዘች ቀና ብላ አባቷን አየች። ሃምሳ አለቃ ክንዴ ከኮርቻው ሳይወርዱ ጸሐፊው ላይ አፈጠጡበት። ግራ እግራቸውን ኮሪያ ላይ ጥለው የመጡ ሰው ናቸው፤ መንግሥት የሰጣቸው የእንጨት እግር ደግሞ ክረምት ላይ ተሰነጠቀ። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ሌላ በነጻ የሚሠራላቸው፣ ከዚህ ከዳንግላ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጻፍላቸው ብቻ ነው። ደብዳቤው ይኸው ከመስቀል ወዲህ «ነገ» እንደተባለ አለ። እስከዚያው እግራቸው የውዴ ትከሻ ነው፤ እሳቸው ከቤት በወጡ ቁጥር ትምህርቷ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለባት።

በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ዓለምነው በእጁ ጠራት።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ፈረሱን ሐሰን ሱቅ ጓሮ እሰሪው። ቡትቶ አልብሻቸውና ‹ሰው ተሸክሟቸው መጣ› በይ። ትንሽም አልቅሺ። እንዲህ ባጌጠ ፈረስ ለመጣ ማን ያዝናል?»

ውዴ ንድድ አለች። የአገው ሰው ትልቅ ቦታ ሲሄድ ፈረሱን አስጊጦ ነው፤ አባቷ መንግሥትን ማክበራቸው ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባቸው! ውሸቱ ግን ቀላል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። የከበዳት እውነቱን ማሳየት ነው። አባቷ ከፈረስ ሲወርዱ ሰው እንዲያያቸው አይፈልጉም፤ ሁልጊዜ ከአጥር ጀርባ ተደብቀው ነው የሚወርዱት።

«አባባ፣ እዚሁ ይውረዱ» አለቻቸው።

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻዋን ጨበጡ። ባዶው የሱሪ እግር ተንጠለጠለ፤ ፈረሱ ፈቀቅ ሲል ሁለቱም ለጥቂት ከመውደቅ ዳኑ። ግቢው ውስጥ ጉዳይ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። የውዴ ፊት በኀፍረት ጋለ፤ ቢሆንም አላቀረቀረችም።

«ወንበር!» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ጭፍራ በሚያዙበት ድምፅ። ወንበር መጣላቸው።

ጸሐፊው አሁን በሩ ላይ ቆሟል። «እንግዲህ... ነገ ጠዋት ቢመጡ...» አለ ለስለስ ብሎ።

ውዴ ፀሐይዋን አየች። ፈተናው ሊጀመር ነው። አባቷን እንዲህ ያለ ቦታ ብቻቸውን ትታቸው ሄዳ አታውቅም። ልጓሙን አጥብቃ ያዘች።

«አባባ፣ ፈተና አለብኝ። ፈረሱንም ይዤው ነው የምሄደው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከጢማቸው ሥር ሳቁና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ነገ ለመምጣት ዛሬ መሄድ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ መሄጃ የለኝም። ልጄ እስክትመለስ እዚሁ ነኝ። ጻፍ።»

ውዴ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም። ፈረሱን እየሳበች ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።