ከበረንዳው የሚታየው በር

«እስቲ ንገሪኝ፤ በሩ እንዴት ነው?» አሉ አያቷ፣ የስልኩን እጀታ በመዳፋቸው አፍነው።

ሚጣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ማዶ ያለውን ተራራ አፍጥጣ ታያለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ሚጣ መባሏ ዘወትር ያናድዳታል፤ ዛሬ ግን እሱም ትዝ አላላትም።

«በሩ» የሚሉት ተራራው መሃል ላይ ለሁለት የተከፈለበትን ቦታ ነው። ከከተማ የሚመጣው ትንሽ አውሮፕላን የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ብቻ ነው። ማረፊያው ሜዳ ከኮረብታው ሥር ስለሆነ እዚያ የቆመ ሰው በሩን አያየውም፤ ከእነሚጣ በረንዳ ግን ፊት ለፊት ነው። አየር መንገዱ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ለአያቷ ስልክ ያስገባላቸው ለዚህ ነበር። በረራ ባለ ቀን ሁሉ አያቷ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተማ ወዳለው ትኬት ቢሮ ይደውላሉ። «ክፍት» ካሉ አውሮፕላኑ ይነሣል፤ «ዝግ» ካሉ ይቀራል። ደንቡም ቀላል ነው፤ በበሩ መካከል ጥርስ የመሰለ ቋጥኝ አለ፣ ከጫፉ እስከ ሥሩ ካልታየ ዝግ ነው።

ዛሬ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነበር። ከእሱ በታች ጉሙ ተጋድሟል።

አያቷ ይህን ማየት አይችሉም። ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ቆይቷል፣ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ደግሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ሐኪሙም መነጽር የሚመልሰው አይደለም ብሏቸዋል። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ሚጣ ብቻ ናቸው። እሷ ታያለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። ቢሮው ካወቀ ስልኩን ይነቅለዋል ብለው ፈርተው ነው እንጂ ውሸት የሚወዱ ሰው ሆነው አይደለም።

አየር መንገዱ ሲጀመር የነበሩት ሁለት አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው፤ ሰዉ አንዷን «ወፍራሟ»፣ ሌላዋን «ቀጭኗ» ይላቸው ነበር። ያኔ የአያቷ ሥራ ከሜዳው ላይ ፍየል ማባረር ነበር። ተሳፋሪው ከነሻንጣው የእህል ሚዛን ላይ እየወጣ ይመዘናል። ኪሎዋ እንዳይታወቅባት ሰልፈኛውን ሁሉ ፊቱን ያስዞረችውን ሴትዮ አያቷ ሲያነሡ ዛሬም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የፈተና ወረቀት፣ መድኃኒት፣ በካርቶን የታጨቀ ጫጩት፣ አንድ ጊዜም ቬሏን በሁለት እጇ የያዘች ሙሽራ በዚያ በር ገብተዋል። ካፒቴኑ ከማረፉ በፊት በቤታቸው አናት ላይ ክንፉን ነቅነቅ ያደርጋል። አያቷም ኮፍያቸውን አውልቀው ይመልሳሉ። ደግ ጊዜ ነበር።

እሳቸው ግን አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። ወንበር በተገኘ ቁጥር አንድ በሽተኛ ወይም ትምህርት የሚጀመርበት ተማሪ ይመጣል፤ «እኔ ለሚቀጥለው» ይላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሚቀጥለው እንዳሉ አስፋልቱ ደረሰ። ሰዉ ወደ አውቶቡስ ዞረ፣ ወፍራሟ አረጀች፣ ቀጭኗም ተሸጠች። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ለገዢዎቿ ትሰጣለች። ከዚያ በፊት ግን እዚህ መጥታ የድሮ ሠራተኞቿን አሳፍራ በበሩ አንድ ዙር ልታስወጣቸው ቃል ተገብቷል። የመስኮቱ ወንበር የአያቷ ነው፤ አጠገባቸው ሚጣ ትቀመጣለች። ሱፋቸውን ለብሰው የጠበቁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።

ምናልባት ይገፈፍ ይሆናል፣ ብላ አሰበች ሚጣ። አውሮፕላኑ እዚህ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ በአርባ ደቂቃ ስንት ጉም ይነሣል። «ክፍት» ብትል ማን ያውቅባታል? ሱፉን አየችው፤ ክራቫቱን ራሷ ነበረች ያሰረችላቸው። ከዚያ ግን ጉሙ ውስጥ ስለሚገቡት ሰዎች አሰበች።

«ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፣ አባባ» አለች። «ሥሩ የለም።»

አያቷ መዳፋቸውን ከእጀታው አንሥተው «ዝግ ነው» አሉ።

የትኬት ቢሮዋ ሴትዮ ድምፅ በረንዳው ድረስ ተሰማ። ከከተማ አብረው የሚመጡት እንግዶች ለብሰው ተዘገጃጅተው እንደቆሙ፣ ሌላ ቀን እንደማይገኝ እያነሣች እንደገና እንዲያዩላት ለመነቻቸው። በመጨረሻ ራሳቸው በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ሚጣ ወደ አያቷ ዞረች። አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ክብራቸውም እንዳለ ይቀራል።

«እኔ ማየት ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ» አሉ አያቷ። «የምታየው የልጅ ልጄ ናት። እሷ ዝግ ካለች ዝግ ነው።»

ከወዲያኛው ጫፍ ቀጥሎ የመጣው የካፒቴኑ ድምፅ ነበር፤ ልጅቷን ስጡኝ አለ። ሚጣ እጀታውን ተቀበለች። ቋጥኙ እስከ ምን ድረስ እንደሚታያት፣ ጉሙ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠየቃት። ጫፉ ብቻ እንደሚታይ፣ ጉሙም እንደተኛ ነገረችው።

«ሦስቱንም ወር አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንድም ቀን አላሳሳትሽኝም» አለ ካፒቴኑ። «እሺ፣ አንነሣም። እስከ ሦስት ሰዓት እንጠብቃለን።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ፤ ዝግ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይም ዝግ ነበር። ካፒቴኑ ከዚህ በላይ መቆየት እንደማይችል፣ ገዢዎቹ በሌላ ቦታ እየጠበቁት እንደሆነ ተናግሮ አያቷን ለረጅም ጊዜ አነጋገራቸው። ምን እንዳለ ሚጣ አልሰማችም። አያቷ ግን «ግድ የለም፣ ግድ የለም» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየች። ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ብዙ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አያቷም ሱፋቸውን ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ቀና ስትል ጉሙ የለም። ቋጥኙ ከጫፉ እስከ ሥሩ ፀሐይ መትቶት ቆሟል።

«አሁንስ?» አሉ አያቷ።

ሚጣ አሁንም ዝግ ነው ብትላቸው ይጽናናሉ። ቀኑን ሙሉ አልተከፈተም፣ ከመጀመሪያውም አልሆነም ብለው ልባቸው ያርፋል። ለእሷም ይቀላታል።

«ተከፍቷል፣ አባባ» አለች። «ሥሩ ድረስ ይታያል። አሁን ነው የተከፈተው።»

አያቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ።

«ከበሩ ወዲያ ምን አለ? እኔ እኮ ቋጥኙን ብቻ ነው ሳይ የኖርኩት።»

ሚጣ ዱካዋን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሩቅ ነበር፣ ቢሆንም ሰማዩ ስለጠራ ብዙ ይታያል።

«ከየት ልጀምር?»

«ከግራ» አሉ። «ቀስ ብለሽ። አንቸኩልም።»