ሁለቱ ሰባተኞች

በ1999 ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የአቃቂ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። አገሩ ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል፤ የቀበሌ ሹማምንት አጥር ያስቀባሉ፤ የሱቁ ደጃፍ ሁሉ ባንዲራ ለብሷል። ከገበያው ጀርባ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከሰው ላለማነስ፣ በካርድ መሳቢያ ተሰግስጎ የኖረውን ካታሎጉን ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ በጳጉሜን ሊያስመርቅ ተነሥቶ ነበር።

ይህ ሥራ የተጣለው በወይዘሪት ዳሲቱ አያና ላይ ነው። ዳሲቱ ሳቂታ ነበረች፤ መጽሐፍ ስትመዘግብ ታንጎራጉራለች፤ ደራሲውን፣ ርእሱን፣ የታተመበትን ዘመን፣ ተከታታይ ከሆነም የተከታታዩን ስምና ቁጥር እያስገባች መደርደሪያውን አንድ በአንድ ትጨርሰዋለች። አንዲት ጥግ ግን እያየች እንዳላየች ስታልፋት ከርማ፣ በመጨረሻ ሌላ ሥራ ጠፋና ወደዚያችው ዞረች። በዚያች ጥግ «የማታ ንባብ» የተባሉት ስስ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ሁለት ወዳጆች፣ የዳሲቱ አባት መምህር አያናና የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ አቶ የሺዋስ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሠራተኞች ማታ ማታ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ፊደል ለለየ ሰው የሚነበብ ነገር ስላጡ ራሳቸው ይጽፉ ጀመር፤ በስቴንስል እያባዙም ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር ስድስት አብረው አወጡ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን መምህር አያና ስለ ወንዙ፣ አቶ የሺዋስ ስለ ባቡሩ ጽፈው መጡ፤ የኔ ይቅደም፣ የኔ ይቅደም ተባባሉ፤ ነገሩ ከረረና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አባዙ። በሁለቱም ልባስ ላይ «ቁጥር 7» የሚል ታተመ። ከዚያ በኋላ ስምንተኛ አልወጣም፤ ሁለቱም ሰዎች ጤና ይስጥልኝ ሳይባባሉ ፀጉራቸው ሸበተ።

ይህ የአባቶች ነገር ብቻ ቢሆን ዳሲቱ ስቃ ባለፈችው ነበር። ነገር ግን በብረታ ብረት ፋብሪካ የቶርኖ ባለሙያ የሆነው ብሩህ የሺዋስ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እርሷም ትወደዋለች፤ ሽማግሌ የሚልክ አባት ግን አልተገኘም፤ የሚቀበልም እንዲሁ።

ኮምፒዩተር መግባቱን የሰሙት አባቷ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠሯት።

«ዳሲቱ፣ በዚያ ወንበር ላይ እግዜር ነው ያስቀመጠሽ» አሉ። «የሺዋስን መጽሐፍ ስምንት ብለሽ ጻፊልኝ። ከዚያ ሽማግሌ ቢልክ በሬ ክፍት ነው።»

«አባባ፣ መጽሐፉ እኮ ሰባት ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል።»

ማኪያቶ ቤት ተቀምጣ ይህንኑ ለብሩህ ስትነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። «የኔም አባት ቃል በቃል ይኸንኑ ነው ያሉት» አላት፤ «ስሙን ብቻ ገልብጪው።»

በማግስቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ፍቅሩ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ። አቶ ፍቅሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምረቃው ደርሶ እንቅልፍ አጥተው ነው እንጂ።

«የክፍለ ከተማው ሹማምንት ሁለት ሰባት አይተው፣ ሠራተኛህ መቁጠር አትችልም ወይ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አንዱን ስምንት አድርጊውና እንገላገል።»

«የትኛውን?»

«ደስ ያለሽን» ብለው ሄዱ።

ዳሲቱ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። የዚያን ጊዜ ማንጎራጎሯ ቆመ። አንዲት ስምንት ብትመታ የአባቷን ልብ ታሳርፋለች፤ ወይም በሌላኛው ላይ ብትመታት የወደፊት አማቷን ትማርካለች፤ ማንም አይከሳትም፤ አለቃዋ ራሳቸው ፈቅደዋል። ግን ስለ ባቡሩ የተጻፈውን ሰባተኛ የሚፈልግ አንባቢ መጥቶ ቢጠይቅ በሰባት ቁጥር አያገኘውም፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውም ሰው፣ ደራሲው በገዛ እጁ ስምንተኛነቱን አምኖ የጻፈ ይመስለዋል። ሰውየው ግን አላመነም፤ ባለማመኑም ሰላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ኩርፊያ ከፍሎበታል። መዝጋቢ ያለውን እንጂ የሚያምረውን አይጽፍም ብላ፣ ለሁለቱም ሰባት ሰጠቻቸው፤ ከሥርም «በዚህ ተከታታይ ሁለት መጻሕፍት ቁጥር 7 ይዘው ወጥተዋል» የሚል ማስታወሻ አከለች።

አቶ ፍቅሩ ሲነገራቸው አጉረመረሙ፤ «እንግዲያውስ ሹማምንቱን አንቺ ታስረጃለሽ» ብለውም ተዉላት። አባቷ ግን በዚያ ምሽት ራታቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። ዳሲቱም ሠርጓን በገዛ ጣቷ ያፈረሰች መሰላት።

የምረቃው ቀን ሹማምንቱ መጡ፤ ሪባን ቆረጡ፤ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሌላ ሪባን ይጠብቃቸው ነበርና ስክሪኑን ሳያዩት ወጡ። ሕዝቡ ሲሳሳ መምህር አያና ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ፤ ከእርሳቸው ኋላም፣ ያኛው አይመጣም ብለው ያሰቡት አቶ የሺዋስ። ሁለቱም ወደ ኋላ መመለስ አሳፈራቸውና ከአንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ዳሲቱ «የማታ ንባብ» ብላ ጻፈች። ዝርዝሩ ወጣ፤ ከአንድ እስከ ስድስት፤ ከዚያም ሰባት፣ ሰባት።

ሁለቱም መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«ስምንትስ?» አሉ በመጨረሻ አቶ የሺዋስ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ያልተጻፈ መጽሐፍ አይመዘገብም፣ ጋሼ» አለች ዳሲቱ።

ከኋላቸው ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት ሴት ወደ ፊት ጠጋ አሉ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈታይ ሆነው ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ወርቅውሃ ነበሩ።

«እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። «መምህሮቼ፣ ሰባተኛውን ሁለት አድርጋችሁ ስትሰጡን፣ ጎበዞች ስለሆንን የተመረቀልን መስሎን እልል ብለናል። ከዚያ ስምንትን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ አረጀን። ታማችሁ ነበር እንዴ?»

መምህር አያና እስከዚያ ቀን ድረስ ጠቡን የሁለት ሰዎች ጠብ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ሜዳ ላይ የቀረ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ትዝ ብሏቸው አያውቅም። አቶ የሺዋስን አዩ፤ አቶ የሺዋስም መሬት መሬቱን እያዩ፣

«አዎ፣ ታመን ነበር፣ እትዬ ወርቅውሃ» አሉ በዝግታ።

መምህር አያና መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁም ያዛቸውና ኮታቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ አቶ የሺዋስም ተከተሏቸው። በኋላ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ብዙ አወሩ፤ ዳሲቱ ቃሉን አልሰማችም፤ አባቷ በሁለት እጃቸው የድልድይ ቅርጽ ሲያሳዩ ግን በመስኮት አየች።

በመስከረም ሽማግሌ ተላከ፤ በጥር ሠርጉ ተደገሰ። ወንዝና ባቡር የሚገናኙት በድልድዩ ነውና ስምንተኛው መጽሐፍ ስለ እርሱ ተጻፈ። ልባሱ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚለው ዳግም ሊካረሩ ጥቂት ቀራቸው፤ በፊደል ተራ ይሁን ተባለ። አቶ የሺዋስ፣ በሀሁ ከሆነ አ ይቀድመኛል ብለው በአቡጊዳ ይሁንልኝ አሉ፤ አቡጊዳም ከአ እንደሚጀምር ትዝ ሲላቸው በራሳቸው ስቀው ፈረሙ። ዳሲቱ ያለ ምንም ማስታወሻ «ቁጥር 8» ብላ መዘገበችው።

የዚያን ዓመት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ርችቱንና ንግግሩን አኑረዋል፤ የመሠረተ ትምህርትን ታሪክ የጻፉም ፊደል የለየውን ሕዝብ በሚሊዮን ቆጥረዋል። ከሚሊዮኑ መካከል ንባቧ መንገድ ላይ የተቋረጠባት አንዲት ፈታይ እንደ ነበረች የጻፈ ግን የለም። ዛሬ ሁለቱም መምህራን አርፈዋል፤ የድሮው ባቡር ከቆመ ቆይቷል፤ በአቅራቢያው ያለው የኮዬ ፈጬ የጤፍ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ካታሎጉ የመጻሕፍቱን ቁጥርና ዘመን ይዟል፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ላለፈው የሰው ዕድሜ ግን ቦታ አልተሰጠውም። እርሱን የሚያውቁት የኖሩበት ናቸው፤ እነርሱም እያለቁ ነው።