ከውሃው የተረፈው በር

እኔ ዕድሜዬን መርፌ ስወጋ፣ ቁስል ሳጥብ፣ ኪኒን ስቆጥር የኖርኩ ድሬሰር ነኝ፣ ስለዚህ ጂን ለከፈኝ፣ ጥላ አረፈብኝ እያለ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ ከትቼ ነበር ወሬውን የማዳምጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወባ ሆኖ ነው የሚገኘው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ነገሩን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም ታምን ነበር» እንዳትሉኝ ነው፣ አላምንም ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን ምን ብዬ እንደምመልስላችሁ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ታደሰ ናዝሬት ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፣ ግድግዳዋ ከመሳሳቷ የተነሣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ከአልጋችን ሆነን «ይማርህ» እንላለን። ታደሰ በያጅ ነበር፣ ቆቃ ሥራ አገኘ፣ እኔም ለምኜ እዚያው ወዳለ ክሊኒክ ተዛወርኩ። አንድ እሁድ በሐይቁ ዳር ስንሄድ ነው ያን ቤት ያየነው፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ከደጁ አንድ ፓፓያ፣ በረንዳው ላይ ስትቆሙ ሐይቁ በሙሉ ከፊታችሁ ይዘረጋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በዳርቻው እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው ይቆማሉ። ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው የቀረው፣ ለዚያ ትንሽ ቤት የማይመጥን፣ ወፍራም የዋንዛ በር፣ ከብዙ እጅ የተነሣ ዳሩ የለሰለሰ።

በዚያን ጊዜ ቤት መግዛት እንደ ዛሬ አልነበረም፣ ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ ለአንድ ሰው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ያቺን አንዲቷን ደግሞ ማን ይሸጣል? ባለቤቱ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ ደራ ከምትኖር ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ስለወሰኑ ነው ዕድሉ ለኛ የወጣው። ፈቃዱን ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተመላለስን አልነግራችሁም፣ ጉዳዩ አልቆ ቁልፉን ሊሰጡኝ ሲመጡ በመዳፋቸው በሩን ዳበስ አደረጉትና፣

«ይህ በር ከዚያ ነው የመጣው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በከዘራቸውም የሐይቁን መሐል አመለከቱኝ። «ግድቡ ሳይሠራ መንደራችን እዚያ ነበር። ውሃው ሲመጣ ሰው ሁሉ ከብቱን ነዳ። እኔ የአባቴን ቤት በር ተሸክሜ ወጣሁ።»

እንዲህ ባለው ቤት መኖር ጀመርን፣ እና እመኑኝ፣ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አገሩን ሁሉ ከሚያበራው ግድብ አጠገብ ሆነን እኛ የምናበራው ኩራዝ ነበር፣ ታደሰ በዚህ ሁልጊዜ ይስቃል። ዓሣ አጥማጆቹ በመንገዳቸው አንድ ሁለት ቆሮሶ ጥለውልኝ ያልፋሉ፣ እኔ ደግሞ እጃቸውን መንጠቆ ሲወጋቸው አሽግላቸዋለሁ። ሴት ልጃችን ሰናይት እዚያው ተወለደች። እንደ ሰው የቤት ባለቤት የሆንኩት፣ ምስማር ስመታ ማንንም ሳላስፈቅድ የመታሁት እዚያ ነው።

ድምፁ የጀመረው በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ መሰለኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ገና ኩራዝ ሳይለኮስ፣ በሩ ይንኳኳል፣ በጣት አጥንት ሳይሆን በመዳፍ፣ ቀስ ብሎ፣ የቤቱን ሰው እንደሚያውቅ ሰው። እከፍታለሁ፣ ማንም የለም። ታደሰ «እንጨት አይደል፣ ቀን ሲሞቅ ውሎ ማታ ሲበርድ ይንቋቋል» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ከዚያ ደግሞ የፍየል ኮቴ በደጃችን ሲያልፍ መስማት ጀመርኩ፣ ብዙ ፍየል፣ ብቅ ስል አንድም የለም፣ አቧራውም አልተረገጠም። አንድ ሁለቴ ደግሞ ዝናብ በሌለበት ደፋችን ረጥቦ አገኘሁት፣ ጨርቅ አምጥቼ ወለወልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰው ቤቱን ሲወድ ብዙ ነገር አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ያን ዕለት ታደሰ ለስብሰባ ናዝሬት ተጠርቶ ነበር። ሰናይት ትኩሳት ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ክሎሮኪኑን እየሰጠኋት ታስመልሰዋለች፣ ሆስፒታል እንዳልወስዳት እስከ ጠዋት የሚያልፍ መኪና የለም፣ የሰውን ልጅ ስንቱን አክሜ የራሴ ስትግል እርጥብ ጨርቅ ከመለወጥ ሌላ አልቻልኩም። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስትገባ በሩ ተንኳኳ፣ ያን ቀን ግን ድምፅም ነበረው።

«ያ ጫልቱ! በልበላ በኒ!»

ጫልቱ፣ በሩን ክፈች፣ ማለት ነው። በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ቤት የተሳሳተ መስሎኝ ከፈትኩ። ቀጠን ያሉ አሮጊት ቆመዋል፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ግቡ ሳልላቸው እንደ ቤተኛ ደፉን ተሻግረው ገቡ፣ ዓይናቸውን ወደ ማዕዘኖቹ አዘዋወሩና በኦሮምኛ፣

«ጫልቱ የለችም?» አሉኝ።

እኔም በክሊኒክ ኦሮምኛዬ «እዚህ ቤት ጫልቱ የምትባል የለችም፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ልጇ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ ታማብኛለች።»

ወደ አልጋው ሄዱና መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ሦስት ቀን ስታለቅስ የከረመች ልጅ ወዲያው ዝም አለች፣ ደንግጬ ዘለልኩ፣ ትተነፍሳለች፣ ተኝታለች። ቀና ስል ሴትዮዋ በሩ ላይ ደርሰዋል፣ «ፍየሎቹ ሳይገቡ እንዳትዘጊ» ብለውኝ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ፣ ከቤታችን እስከ ውሃው ድረስ ሜዳ ነው፣ ቁጥቋጦ እንኳ የለውም፣ ገና ብርሃን ነበር፣ እመኑኝ፣ ማንም አልነበረም። ሰናይት ሌሊቱን በላብ ታጥባ ጠዋት ጡት ጠየቀች። ክሎሮኪኑ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው።

በሳምንቱ ኦቦ ቱፋ ዘመድ ሊጠይቁ ከደራ መጡና ቤታችን ጎራ አሉ። ሻይ ቀዳሁላቸውና ነገሩን እየሳቅሁ አወራኋቸው። ብርጭቆውን ሳይጠጡት አስቀመጡት።

«ጫልቱ እናቴ ናት» አሉ።

«የጠራቻትስ ሴት ማን ናት?»

«ምን አውቃለሁ? መንደሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት።» ወደ በሩ ዞሩና፣ «ለምን ለአንቺ? እኔ እዚህ ቤት ስንት ዘመን ኖርኩ፣ ማንም አንድ ቀን አንኳኩቶብኝ አያውቅም» አሉኝ።

የሸጡልኝ ቤቱን ብቻ ሳይሆን እንግዶቻቸውንም ጭምር መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመዳቸው ዘንድ እያደሩ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ በረንዳችን ላይ ይቀመጡ ጀመር፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ እስኪጨልም ሐይቁን ያያሉ። እሳቸው ባሉበት በሩ አልተንኳኳም፣ የፍየል ኮቴም አልተሰማም። ታደሰ «አባባ፣ በሩን ይውሰዱት፣ እኔ ለቤቱ የብረት በር እበይድለታለሁ» አላቸው። ተቆጡ።

«ደራ ወስጄ ብሰቅለው መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?»

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ አንድ ምሽት ድንገት ብድግ አሉ። ታደሰ ከሥራ አልተመለሰም፣ ሰናይት ተኝታለች። «ኢንተላ ኮ፣ ግቢና በሩን ዝጊ» አሉኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቆየት ብሎ በመዳፍ ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደዚያኛው፣ ከዚያም በሩ ላይ ተጠግተው «ያ ጫልቱ፣ በልበላ በኒ» አሉ፣ ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ከጨዋታ አምሽቶ እንደመጣ ልጅ ነበር። ከፈትኩላቸው።

እኔን አላዩኝም። በትከሻዬ አሻግረው ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከቱ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

«አካም ኦልተን» አሉ።

ልብ በሉልኝ፣ እኔን ሁልጊዜ «አካም ኦልቴ» ነበር የሚሉኝ፣ እንዴት ዋልሽ። ኦልተን የሚባለው ለብዙ ሰው ነው። ካሉም በኋላ መልስ እንደሚመለስላቸው ሰው ጥቂት ጠበቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ደግሞ ነቀነቁ፣ ተደርድሮ የተቀመጠ ቤተሰብን አንድ በአንድ ሰላም እንደምትሉ ማለት ነው። አልገቡም። ከዘራቸውን አንስተው በአውራ መንገዱ በኩል ወረዱ። ዞር ብዬ አየሁ፣ አልጋው፣ የተኛችው ልጄ፣ ያልተለኮሰው ኩራዝ፣ ሌላ ምንም የለም።

ኦቦ ቱፋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ደራ ኖሩ፣ ወደኛ ግን ተመልሰው አልመጡም፣ እኔም ማንን ሰላም እንዳሉ ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም። ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ኖርን፣ ዛሬም ያ በረንዳ ይናፍቀኛል። ግን ከክሊኒክ ስመለስ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ «አካም ኦልተን» ሳልል ደፉን ተሻግሬ አላውቅም። ታደሰ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ምሽት ከኋላው ደረስኩና፣ እሱ አላየኝም፣ በሩን ከፍቶ ቆቡን አውልቆ ቆሟል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያችኑ ቃል ሲል ሰማሁት፣ ራሱንም ነቀነቀ። ምን አይተህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም።